ኪርከኔስ፦ የማን ቤተ ክርስቲያን?

አንድ የዓለም ካርታ ዘርጉና ጣታችሁን ኢስታንቡል ላይ አሳርፉ። ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳታዘነብሉ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰሜን ውጡ። ጥቁር ባሕርን፣ ዩክሬንን፣ ቤላሩስን፣ ፊንላንድን አልፋችሁ የብሱ ሊያልቅ ሲል ጣታችሁን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ብታስጠጉት አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ታገኛላችሁ። ኪርከኔስ ትባላለች፤ የኖርዌይ ናት። ምዕራብ አውሮፓ ብለን የምንጠራው ወገን ከኢስታንቡል በስተ ምሥራቅ ከተማ አለው ብሎ የሚጠረጥር ስንት ሰው ይኖራል?

3,500 ያህል ሰው ይኖርባታል። ከአርክቲክ ክበብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ገባ ትላለች። ከኅዳር ወር አንሥቶ እስከ ጥር ድረስ ፀሐይ አትወጣባትም፤ በበጋ ደግሞ ሁለት ወር ያህል አትጠልቅባትም። ከከተማዋ በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ቢሄዱ ስቶርስኮግ የሚባለው የድንበር ኬላ ይደረሳል፤ ከኬላው ማዶ ሩሲያ ነው። ከበርገን ተነሥተው የኖርዌይን ጠረፍ ተከትለው የሚጓዙት የመንገደኛ መርከቦች የመጨረሻ ማረፊያቸው እዚሁ ነው።

ጋዜጠኛ ወደዚያ በሄደ ቁጥር ከሁለት አንዱን ሐረግ ይዞ ይመለሳል፤ ወይ «የዓለም ጫፍ» ወይ «የአርክቲክ በር»። ጫፍ ለማን ነው? በር ለማን? ጫፍ የሚለው መሀል ላይ ቆሞ የሚያይ ነው። በር የሚለው ደግሞ አልፎ ለመሄድ የተነሣ ነው። እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚቀበር ሰው ሰፈሩን ጫፍ ይለዋል?

ይህን ስጠይቅ የራሳችን አነጋገርም ከጥያቄው አያመልጥም። «ዳር ሲደፈር መሀሉ ዳር ይሆናል» እንላለን። ድንበር ጠባቂን ለማመስገን፣ መሀል አገሩንም ለማንቃት የሚነገር ብርቱ ቃል ነው። ነገር ግን ደግማችሁ ስሙት፦ ዳር የሚያሳስበን ለማን ሲባል ነው? ለመሀሉ። ዳሩ ላይ ያለው ሰው በዚያ ተረት ውስጥ አጥር እንጂ ባለቤት አይደለም። ኪርከኔስ ላይ ሁለት መቶ ዓመት ሲሠራ የኖረው ይኸው አስተሳሰብ ነው፤ የሚጀምረውም ከስሟ ነው።

ኪርከኔስ ማለት በኖርዌይ ቋንቋ ወደ ባሕር ጎልቶ የወጣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ራጉኤል እያልን ሰፈር በደብር ስም እንጠራለን። ኪርከኔስ ግን ከመጀመሪያው ይህ ስም አልነበራትም። ቦታው ፒስኤልቭኔስ ይባል ነበር፤ ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ከሚወርድ ወንዝ ነው። በ1862 የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት፤ ስሙም በቤተ ክርስቲያኑ ተተካ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወንዙ ዛሬም አለ። ስሙ ለምን አልበቃም?

ለዚህ መልስ ለማግኘት በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን በዚያ አካባቢ ምን ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ኖርዌይ ያኔ በስዊድን ንጉሥ ሥር ነበረች። እስከ 1826 ድረስ በዚህ ማዕዘን ከሩሲያ ጋር የተሰመረ ድንበር አልነበረም፤ አገሩ የጋራ ነበር። ነዋሪዎቹ ከሰሜኑ ነባር ሕዝብ ከሳሚዎች ወገን ስኮልት የሚባሉት ነበሩ፤ ሃይማኖታቸው ኦርቶዶክስ ነው። ክረምቱን ወደ ውስጥ ገብተው፣ በጋውን ወደ ባሕሩ ወርደው፣ ሳልሞን አጥምደውና የሰሜን አጋዘን አርብተው ይኖሩ ነበር። ግብራቸውን ለሁለቱም ወገን ይከፍሉ ነበር። ሁለት ጌታ ያለው ሕዝብ ሁለት ጊዜ ይገብራል፤ ግን ቢያንስ መንገዱ አልተዘጋበትም ነበር።

በ1826 ድንበሩ ተሰመረ። መስመሩ በአብዛኛው የፓስቪክን ወንዝ ይከተላል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ወንዙን ትቶ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ይሻገርና ጥቂት መሬት ለሩሲያ ቆርጦ ይመለሳል። ስፋቱ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለምን? እዚያ የቅዱሳን ቦሪስና ግሌብ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ትሪፎን የተባለው መነኩሴ ለስኮልቶቹ የተከለው ነው። ዲፕሎማቶቹ ለቤተ ክርስቲያኑ ብለው ድንበሩን አጎነበሱ። ታዲያ ለሕንጻው ያጎነበሰ መስመር ለምእመናኑ ለምን ማጎንበስ አቃተው? ክረምት የሚከርሙበት ከአንዱ መንግሥት፣ በጋ የሚያጠምዱበት ከሌላው መንግሥት ሆኖ የቀረባቸውን ሰዎች ማን ጠየቃቸው?

ከዚህ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መትከል የድንበር ችካል መትከል ሆነ። የኪርከኔሱ በ1862። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ ድንበሩ ባሕር በሚነካበት በያኮብስኤልቭ ወንዝ አፍ ላይ ሌላ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። የሩሲያ ዓሣ አጥማጆች እየተሻገሩ ስላስቸገሩ የጦር ጀልባ ይላክ ተብሎ ነበር፤ በምትኩ ቤተ ክርስቲያን ቢቆም ያከብሩታል የሚል ምክር ተሰጠ፤ ምክሩም ጸና። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ የንጉሥ ኦስካር ሁለተኛን ስም ያዘ። በ1902 ደግሞ ከኪርከኔስ በስተ ምዕራብ ባለችው በኔይደን ሌላ ተጨመረ፤ የጥንት የኖርዌይ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናትን አሠራር የሚመስል። አሠራሩ ራሱ መልእክት ነበር፤ ይህ አገር ኖርዌይ ነው የሚል።

እኔ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በጦር ጀልባ ምትክ የቆመ ጸሎት ቤት ውስጥ የሚገባ ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? ደወሉ የሚጠራው ምእመን ነው ወይስ የሚያስጠነቅቀው ጎረቤት?

ጥያቄውን የሚያከብደው በዚያው በኔይደን ያለ ሌላ ሕንጻ ነው። ስፋቱ ከአንድ መለስተኛ ክፍል የማይበልጥ፣ በግንድ የተሠራ ጸሎት ቤት ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ትውፊቱ በ1565 ትሪፎን ተከለው ይላል። እንግዲህ ቁጠሩት፤ የኪርከኔስ ቤተ ክርስቲያን ከመቆሙ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። የአራዳ ጊዮርጊስን ተሳልሞ የሚያልፍ ሰው በዓለም ሰሜን ዳር፣ አጋዘን በሚያረባ ሕዝብ መካከል፣ ያንኑ ሰማዕት በስሙ የሚጠራ ሌላ ምእመን እንዳለ ቢሰማ ምን ይላል? እኔ በሰማሁ ጊዜ አገሩ በአንድ ጊዜ ቀረበኝ።

ስለዚህ «የቤተ ክርስቲያን መሬት» ሲባል የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? ስሙ መልሱን ሳይናገር ወስኖታል። ከተማዋ በሰሜን ሳሚ ጊርኮኛርጋ፣ ከፊንላንድ በኩል መጥተው በሰፈሩት በክቬኖች ቋንቋና በፊንላንድ ቋንቋ ኪርኮኒየሚ ትባላለች፤ ሁለቱም ትርጉማቸው ያው የቤተ ክርስቲያን መሬት ነው። የከተማዋ የመንገድ ስሞች ደግሞ በኖርዌይና በሩሲያ ፊደል ተጽፈው ተሰቅለዋል። ብዙ ጸሐፊ ይህን እያየ የብዙ ቋንቋ ከተማ ብሎ ያሞግሳታል። በሩሲያ ፊደል የተጻፈው ምልክት ለገበያተኛና ለመርከበኛ መልካም ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድን ስም በአራት ቋንቋ መጻፍ አራት ትዝታ መጠበቅ ነው? በሁሉም ቋንቋ የተተረጎመው የ1862ቱ ስም ነው። ስኮልት ሳሚን የሚናገር ዛሬ 300 ያህል ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ አብዛኛውም በፊንላንድ ነው። እነርሱ ይህን ባሕር ዳር ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ወደ ከተማዋ የሚመጣ ጎብኚ ማንን ይጠይቃል?

ቋንቋው ራሱ ደክሞ አልመነመነም፤ ተገፍቶ ነው። በ1902 የወጣ ሕግ ኪርከኔስ ባለችበት በፊንማርክ አውራጃ የመንግሥት መሬት የሚሸጠው የኖርዌይን ቋንቋ ለሚናገር፣ ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ብቻ ነው ይል ነበር። በ1905 በፓስቪክ ሸለቆ በስትራንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የሳሚና የክቬን ልጆችን ከቤታቸው አርቆ ኖርዌጃዊ ለማድረግ ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው። ድንበሩ አባትን ከባሕሩ ለየው፤ ትምህርት ቤቱ ልጅን ከአባቱ። በ1944 የፔትሳሞ አገር ከፊንላንድ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲሻገር ደግሞ በዚያ በኩል የነበሩት ስኮልቶች ቀያቸውን ለቀው ፊንላንድ ውስጥ ሰፈሩ። ሦስት መንግሥት፣ ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ሕዝብ።

ስሟን እዚህ ላይ ልተወውና «ጠቀሜታዋ» ወደሚባለው ልሂድ፤ ይህች ከተማ ጠቃሚ ናት ያላት ብዙ ነውና።

በመጀመሪያ ጠቃሚ ያደረጋት ብረት ነው። በ1906 ሲድቫራንገር የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከብዮርነቫትን እየተቆፈረ በኪርከኔስ ወደብ የሚጫን የብረት ማዕድን ከተማ ሠራ። በ1996 ተዘጋ። በ2009 ተከፈተ። በ2015 ከሰረ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወጡ። የብረት ዋጋ ሲወጣ ከተማዋ ትጠቅማለች፤ ሲወርድ አትጠቅምም። ይህ የከተማዋ ጠቀሜታ ነው ወይስ የብረቱ?

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ናዚ ጀርመን የሩሲያውን ወደብ ሙርማንስክን ለመያዝ ኪርከኔስን መነሻ አደረጋት። ሶቭየቶችም ከ300 ጊዜ በላይ በአየር ደበደቧት፤ በአውሮፓ ይህን ያህል የተደበደበ ሥፍራ ሲፈለግ ከማልታ ቀጥሎ የምትጠቀሰው እርሷ ናት። ጀርመኖቹ በ1944 ሲሸሹ የቀረውን አቃጠሉ። በዚያ መጸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የብዮርነቫትን ማዕድን ዋሻ ውስጥ ገብተው ኖሩ። ዋሻው ውስጥ አሥር ሕፃናት ተወለዱ። እስቲ አስቡት፤ ከበላይ ምድር እየነደደ፣ ድንጋዩ ውኃ እያንጠባጠበ፣ በፋኖስ ብርሃን የምታምጥ እናት። ጥቅምት 25 ቀን 1944 የሶቭየት ጦር ሲገባ ከከተማዋ የቆሙት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የ1862ቱ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ተቃጥሏል፤ የዛሬው በ1959 የተሠራ ነው። ስሟን ያገኘችበት ሕንጻ የለም፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

ሕዝቡ ለነጻ አውጪዎቹ ሐውልት አቆመ፤ አንድ የሶቭየት ወታደር። ያ ምስጋና እውነተኛ ምስጋና ነበር። በ2023 ግን በዚያው ሐውልት ሥር የሩሲያ ዲፕሎማትና የከተማዋ ከንቲባ በአበባ ጉንጉን አቀማመጥ ተጋጩ፤ የአንዱ የሌላውን ሸፈነ ተባለ። የሐውልቱ ወታደር ሩሲያዊ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ወደዚያች ከተማ ከገቡት የቀይ ጦር ወታደሮች መካከል ዩክሬናውያን አልነበሩም? ነበሩ። የእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ ቦምብ እየጣለ ያለ መንግሥት በእነርሱ ስም አበባ ሲያስቀምጥ ሐውልቱ የማን ሆነ?

በ1993 ከተማዋ እንደገና ተፈለገች። ጥር 11 ቀን የኖርዌይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቶርቫልድ ስቶልተንበርግ የጎረቤት አገሮችን ሚኒስትሮች ሰበሰቡና የኪርከኔስ መግለጫ ተፈረመ፤ የባሬንትስ አካባቢ ትብብርም ተወለደ። ይህኛው ምዕራፍ ለነዋሪው በእውነት የሰጠው ነገር አለና ልክድ አልሻም። በ2012 ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖር ሰው ያለ ቪዛ መሻገር ጀመረ። የኪርከኔስ ሰው ከድንበሩ ማዶ ኒኬል ከተማ ሄዶ ነዳጅ ይቀዳ ነበር፤ የሙርማንስክ ሰው ኪርከኔስ መጥቶ የሕፃን ዳይፐርና ቡና ይሸምት ነበር። ወዳጅነት ማለት ይኸው ነው፤ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚገናኝ፣ ስም የሚጠያየቅ። ግን ቁልፉ ማን እጅ ነበር? ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን በሙሉ ኃይል ከወረረች በኋላ ትብብሩ ቆመ፤ በ2023 ሩሲያ ከባሬንትስ ምክር ቤት ወጣች፤ በግንቦት 2024 ኖርዌይ በሩን ለሩሲያ ቱሪስቶች ዘጋች። መዘጋቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሠላሳ ዓመት የሰላም ምሳሌ እያለ ሲያሞግሳት የነበረ ዋና ከተማ፣ በሩ ሲዘጋ ኑሮው ከበሩ ጋር የታሰረውን ባለሱቅና መርከብ ጠጋኝ ምን ብሎ አጽናናው?

በመካከሉ ያለውን 2015ን ልዝለል አልችልም። በዚያ መጸውና የክረምት መግቢያ 5,500 ያህል ጥገኝነት ጠያቂዎች በስቶርስኮግ ገቡ። ብዙዎቹ ሶርያውያንና አፍጋናውያን ነበሩ። የሩሲያ ሕግ ድንበሩን በእግር መሻገር አይፈቅድም፤ የኖርዌይ ሕግ ደግሞ ሰነድ የሌለውን ሰው አሳፍሮ የሚያሻግር ሹፌርን ይቀጣል። ሁለቱም ያልከለከሉት ብስክሌት ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ ሩሲያ ውስጥ ብስክሌት እየገዙ የመጨረሻዋን ጥቂት መቶ ሜትር ጋልበው ተሻገሩ። በሕይወቱ ፔዳል ረግጦ የማያውቅ አዛውንት፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካ በልጅ ብስክሌት የሚንገዳገድ ጎልማሳ፣ በረዶው ላይ። ከኬላው ጀርባ ብስክሌቶቹ ተከመሩ፤ የኖርዌይን የደኅንነት መስፈርት አያሟሉም ተብለው ለቁርጥራጭ ተወሰኑ።

ኪርከኔስ በዚያ ሰሞን የዓለም ዜና ሆነች። በስደት አውሮፓ የገባ ወገን ያለን እኛ ያን ፎቶ ያየነው እንደ ባዕድ አልነበረም። በኅዳር የኖርዌይ የጥገኝነት ሕግ ጠነከረ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኬላው ላይ 200 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው አጥር ቆመ። 198 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ድንበር ላይ 200 ሜትር አጥር ማንን ያቆማል? ከዚህም በላይ አጥሩ ተሠርቶ ሳያልቅ አንድ ክፍሉ ከድንበሩ መስመር በጥቂት ሴንቲሜትር ተጠግቷል ተብሎ ተነቅሎ እንደገና ተተከለ። ለሴንቲሜትር ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሁለት መንግሥታት በ1826 በአንድ ሕዝብ የክረምት መንደርና የበጋ ባሕር መካከል ድንበር ሲያሰምሩ ጥንቃቄያቸው የት ነበር?

አሁን ደግሞ በረዶው እየቀለጠ ነው፤ አዲስ «ጠቀሜታ» ተገኘላት። በ2010 አንዲት መርከብ ከኪርከኔስ 41,000 ቶን ያህል የብረት ማዕድን ጭና በሩሲያ ሰሜናዊ ባሕር አድርጋ ቻይና ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ከፊንላንዷ ከሮቫኒየሚ እስከ ኪርከኔስ የባቡር ሐዲድ ይዘርጋ የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ተነሣ፤ ኪርከኔስ የእስያና የአውሮፓ መገናኛ ትሆናለች ተባለ። ሐዲዱ የሚያልፈው በሳሚዎች የአጋዘን ግጦሽ ላይ ነው፤ እነርሱም ተቃወሙ። ካርታው ላይ ቀጥ ያለች ቀይ መስመር ትታያለች። ያቺን መስመር ያሰመረ ሰው ከመስመሯ በታች ስንት መንጋ፣ ስንት የቤተሰብ መንገድ እንዳለ አይቷል? ወይስ እንደ 1826ቱ ባዶ ነው ብሎ ነው?

ስለ ኪርከኔስ የሚጽፉ የጸጥታ ተንታኞችን አነባለሁ። ሙርማንስክና የሩሲያ ሰሜናዊ ባሕር ኃይል ምን ያህል እንደሚቀርቧት ይለካሉ። ልክ ናቸው፤ አደጋው አለ፤ የሚያስፈራም ነው። ነገር ግን በገጾቻቸው ሁሉ ኔይደን የሚለውን ስም ስንት ጊዜ ታገኛላችሁ? ከኪርከኔስ ወደ ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው።

እዚያ፣ በጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ዙሪያ፣ የስኮልቶቹ መቃብር አለ። በ1915 መቃብሩ ተቆፈረ። የ94 ሰዎች አፅም ወጥቶ ለዘር ጥናት ወደ ዋና ከተማው ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ክፍል ተላከ። በሕይወት ያሉ ዘመዶች እያሉ ነው ይህ የሆነው። አፅሞቹ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር እዚያ ቆዩ። በ2011 ወደ ኔይደን ተመለሱና በኦርቶዶክስ ሥርዓት በዚያው አፈር እንደገና ተቀበሩ። የኖርዌይ ፓርላማ በሳሚዎች፣ በክቬኖችና በደን ፊንላንዳውያን ላይ ለተፈጸመው በደል ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በኅዳር 2024 ነው።

«የቤተ ክርስቲያን መሬት» የሚለውን ስም የሰጡት ሰዎች ያንን ጸሎት ቤት ቤተ ክርስቲያን ብለው ቆጥረውት ቢሆን ኖሮ፣ ግቢው ውስጥ አካፋ ይገባ ነበር?